ባለ 0.96 ኢንቿ ኦሌድ ስክሪን፦ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባዋን አዙራችሁ እዩ

በአርዱዊኖም ሆነ በኢኤስፒ32 (ፕሮግራም የሚጫንባቸው ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች ናቸው) ለሚሠራ አነስተኛ ፕሮጀክት አንድ ስክሪን ብቻ ምረጡ ከተባለ፣ ምርጫው ባለ 0.96 ኢንች፣ 128 በ64 ፒክስል፣ ባለ አራት ፒን ነጭ ኦሌድ ነው። ዋጋዋ ትንሽ ነው፣ ከኃይሉ ሌላ ሁለት ሽቦ ብቻ ትፈልጋለች፣ ጽሑፏ በጨለማም ከጎን ሲታይም ጥርት ያለ ነው። ከሁሉም በላይ የእኛን ፊደል ሳትሸራርፍ ትጽፋለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ትክክለኛዋ ስትገዛ ነው። በፎቶ ላይ መንታ የሚመስሉ ሰሌዳዎች የውስጥ ቺፓቸው፣ የፒናቸው ቅደም ተከተልና አድራሻቸው ይለያያል። "አልሠራም" ተብሎ የሚጣለው ስክሪን ብዙ ጊዜ ጤነኛ ነው፤ የተሳሳተው ሽቦው ወይም ላይብረሪው፣ ማለትም ስክሪኗን የሚያዝዘው ዝግጁ ኮድ፣ ነው።

ኦሌድ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል በራሱ ያበራል። ከኋላ የሚያበራ መብራት የለም፤ ጥቁር የሚታየው ቦታ የጠፋ ቦታ ነው። ስለዚህ የምትበላው ከረንት በበራው ፒክስል ልክ ነው፦ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ሲታይ 10 ሚሊአምፔር አካባቢ፣ ስክሪኑ በሙሉ ሲበራ ከ20 እስከ 30 ሚሊአምፔር። በባትሪ የሚሠራ ነገር ላይ ነጭ መደብ አድርጎ በጥቁር መጻፍ ባትሪውን በከንቱ መጨረስ ነው። የሚያበራው ክፍል 21.7 በ10.9 ሚሊሜትር ነው፣ ከአንድ ፒክስል እስከ ቀጣዩ 0.17 ሚሊሜትር። እጅ ላይ ይዞ ወይም ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ለማንበብ የምትመች ናት፤ ከክፍሉ ማዶ ሆኖ ለማንበብ አይደለችም። ያን የሚፈልግ ሰው ባለ 2.42 ኢንቹን ይግዛ፤ ፒክስሉ ያው 128 በ64 ነው፣ ቺፑ ኤስኤስዲ1309 ነው፣ ፊደሉ ግን ከእጥፍ በላይ ይተልቃል።

ቺፑን ለዩ

ባለ 0.96 ኢንቿ የምትሠራው ሶሎሞን ሲስቴክ በሚያመርተው ኤስኤስዲ1306 ቺፕ ነው። ባለ 1.3 ኢንቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኤስኤች1106 ነው፣ ሻጩ "1306" ብሎ ቢጽፍበትም። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ኤስኤስዲ1306 ውስጥ ያለው ሜሞሪ ከስክሪኑ ጋር እኩል 128 ዓምድ ሲሆን የኤስኤች1106 132 ዓምድ ነው፤ ስክሪኑ የተያያዘው መሐል ላይ ስለሆነ በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ዓምድ ትርፍ ይቀራል። ሁለተኛው ልዩነት ይበልጥ ያስቸግራል፦ ኤስኤስዲ1306 አንዱን ገጽ (ስምንት ረድፍ ፒክስል የያዘ የሜሞሪ ክፍል) ሲጨርስ ራሱ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል፣ ኤስኤች1106 አይሻገርም፤ ለእያንዳንዱ ገጽ ተለይቶ ሊነገረው ይገባል።

ስለዚህ የኤስኤስዲ1306 ላይብረሪ በኤስኤች1106 ላይ ሲጫን ከሁለት አንዱን ታያላችሁ። ላይብረሪው ገጽ በገጽ የሚልክ ከሆነ ጽሑፉ ይወጣል፣ ግን ሁለት ፒክስል ተገፍቶ፤ ዳር ላይም ትርጉም የሌለው ቀጭን መስመር ይቀራል። ላይብረሪው ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ ስክሪኑ ጤፍ የተበተነበት ይመስላል፣ አንድ ቀጭን ሰቅ ብቻ ይቀያየራል። ያ ጤፍ ብልሽት አይደለም፤ ቺፑ ኃይል ሲያገኝ ሜሞሪው ውስጥ የነበረው ዝብርቅርቅ ነው። መፍትሔው አዳፍሩት የተባለው ኩባንያ ያዘጋጀው ኤስኤች110ኤክስ ላይብረሪ ወይም ዩ8ጂ2 የሚባለው ሌላ ላይብረሪ ላይ ኤስኤች1106 የሚለውን መምረጥ ነው። ባለ 1.3 ኢንቹ ራሱ ጥሩ ስክሪን ነው፤ ዓይን ለደከመው ሰው ከ0.96ቷ ይሻላል። ስሙን አውቆ መግዛት ነው ቁም ነገሩ።

ባለ 0.91 ኢንቹ ቀጭኑ 128 በ32 ነው፣ ቺፑም ያው 1306። አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ብቻ ለሚያሳይ ዕቃ ይበቃል። ኮዱ ላይ ቁመቱን 64 ብላችሁ ከተዋችሁት ረድፎቹ አንዱ እየታየ አንዱ እየጠፋ፣ ፊደሉ ተለጥጦና ተበጣጥሶ ይወጣል። 32 በሉት፣ ይስተካከላል።

ስለ ቀለሙም ሰው ይታለላል። "ቢጫና ሰማያዊ" የሚባለው ስክሪን ቀለም የሚመረጥበት አይደለም፦ የላይኞቹ 16 ረድፎች ሁልጊዜ ቢጫ፣ የታችኞቹ 48 ሁልጊዜ ሰማያዊ ናቸው፣ በመሐላቸውም ቀጭን ክፍተት አለ። በዚያ ክፍተት ላይ የሚያርፍ ሥዕል ወይም ትልቅ ቁጥር የተቆረጠ ይመስላል። 180 ዲግሪ ስታዞሩት ቢጫው ወደ ታች ይሄዳል። ርዕሱን በቢጫው፣ ዝርዝሩን በሰማያዊው ለሚያደርግ ሰው ግን ያምራል። ሌላው ሁሉ ነጩን ይግዛ።

ጀርባዋ ምን ይላል

መጀመሪያ የሚታየው የፒኑ ስም ነው። በአንዳንዱ ሰሌዳ ቅደም ተከተሉ ጂኤንዲ (ማይነስ)፣ ቪሲሲ (ፕላስ)፣ ኤስሲኤል (የምት መስመር)፣ ኤስዲኤ (የዳታ መስመር) ነው፤ በሌላው ቪሲሲ ይቀድምና ጂኤንዲ ይከተላል። የቀረው ሁሉ አንድ ነው፣ ቀለሙም፣ ቀዳዳውም። አንዷ ተበላሽታ በሌላ የሚተካት ሰው የድሮውን ሶኬት እንዳለ ይሰካና ፕላስና ማይነሱን ያገላብጠዋል። ቮልት የሚያወርደው ሬጉሌተር ወዲያው ይግላል፣ ቺፑም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ሁለት ስክሪን ባንድ ላይ ስትገዙ እንኳ የሁለቱንም ጽሑፍ አንብቡ። ሽቦ ከማገናኘታችሁ በፊት በቴስተር ቪሲሲና ጂኤንዲ ሾርት አለመሆናቸውን መለካትም የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሁለተኛው ሬጉሌተሩ ነው፦ ሦስት እግር ያላት፣ ብዙ ጊዜ "662ኬ" የሚል የተጻፈባት ጥቁር ጥቃቅን ዕቃ። የገባውን 5 ቮልት ወደ 3.3 ታወርዳለች። ቺፑ ራሱ ከ3.3 ቮልት በላይ አይፈልግም፤ ብርሃኑን የሚያመነጨውን 7.5 ቮልት ገደማ ውስጡ ባለው ቻርጅ ፓምፕ ራሱ ይሠራል። ሬጉሌተር ያላት ሰሌዳ በ3.3ም በ5 ቮልትም ትሠራለች። የሌላትን ግን ከ5 ቮልት ጋር እንዳታገናኟት። እጅግ ትንንሾቹ፣ እንደ ባለ 0.49 ኢንቹ ያሉት ላይ፣ ይህን ማየት አትርሱ።

ሦስተኛው አድራሻው ነው፣ ማለትም ስክሪኗ በመስመሩ ላይ የምትጠራበት ቁጥር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሰናከለው። ጀርባዋ ላይ "0ኤክስ78" እና "0ኤክስ7ኤ" ታትሞ አንዲት ሬዚስተር በአንዱ በኩል ተበይዳ ታገኛላችሁ። ያን ቁጥር እንዳለ ኮዱ ውስጥ ስታስገቡት ስክሪኗ ጭጭ ትላለች። የታተመው የመጻፊያዋን ቢት ጨምሮ ስምንት ቢት ነው፤ የአርዱዊኖ ላይብረሪ የሚፈልገው ሰባቱን ብቻ ነው። በ0ኤክስ የሚጀምር ቁጥር በአሥራ ስድስት መደብ የተጻፈ ነው፤ በተራ ቁጥር ስናየው 0ኤክስ78 ማለት 120 ነው፣ ለሁለት ሲካፈል 60፣ እሱም 0ኤክስ3ሲ ነው። 0ኤክስ7ኤም 122 ነው፣ ግማሹ 61፣ ማለትም 0ኤክስ3ዲ። የአዳፍሩት ምሳሌ ኮድ ላይ ለ128 በ64 ስክሪን 0ኤክስ3ዲ የሚል ማስታወሻ አለ፤ እሱ የሚመለከተው ራሱ አዳፍሩት የሚሸጠውን ሰሌዳ ነው። ከቻይና የሚመጣው ርካሹ ሁልጊዜ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ 0ኤክስ3ሲ ላይ ነው። ሁለት ስክሪን ባንድ መስመር ላይ ማድረግ ከፈለጋችሁ የአንዷን ሬዚስተር አንስታችሁ ወደ ሌላኛው በኩል በይዱ። ሦስተኛ አድራሻ የለም።

አራት ሽቦ

አርዱዊኖ ኡኖ ላይ ኤስዲኤ ወደ ኤ4፣ ኤስሲኤል ወደ ኤ5 ይሄዳል። ሜጋ ላይ 20 እና 21 ናቸው። ባለ ኢኤስፒ8266 ኖድኤምሲዩ ላይ ኤስዲኤ ዲ2፣ ኤስሲኤል ዲ1፤ የተለመደው ኢኤስፒ32 ላይ ደግሞ 21 እና 22። ሽቦው ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ አይቱሲ፣ ማለትም በእነዚህ ሁለት ሽቦዎች ዳታ የሚተላለፍበት ሥርዓት፣ የተሠራው እዚያው ሰሌዳ ላይ ላሉ ቺፖች ነው፣ ለረጅም ገመድ አይደለም።

ሰሌዳዋ ላይ የሁለቱ መስመሮች ፑል-አፕ (መስመሩን ወደ ፕላስ የሚስቡ) ሬዚስተሮች አብዛኛውን ጊዜ አሉ፣ 4.7 ወይም 10 ኪሎኦም። የሚስቡት ወደ 3.3 ቮልት ስለሆነ በ5 ቮልት ከሚሠራው ኡኖ ጋር ነገሩ ጠርዝ ላይ ነው፦ የኡኖው ቺፕ አንድን መስመር "ከፍ ያለ" ብሎ ለመቁጠር በዳታሺቱ መሠረት የ5 ቮልቱን 70 በመቶ፣ ማለትም 3.5 ቮልት ይፈልጋል። አይቱሲን የሚያንቀሳቅሰው ዋየር የሚባለው የአርዱዊኖ ላይብረሪ የኡኖውን የውስጥ ፑል-አፕ ስለሚያበራ መስመሩ ትንሽ ከፍ ይልና በተግባር ይሠራል። አጭር ሽቦ ላይ ችግር አያመጣም። ረጅም ሽቦ ላይ፣ ወይም አጠገቡ ሞተርና ሪሌ ሲኖር፣ ስክሪኗ ድንገት ደርቃ የምትቀርበት፣ ኡኖውም አብሯት የሚቆምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ኢኤስፒ32 ራሱ በ3.3 ቮልት ስለሚሠራ ይህ ጣጣ የለበትም። ኡኖ ላይ መቅረት ግድ ከሆነ ዋየር ላይብረሪ ላይ ታይምአውቱን አብሩት፤ መስመሩ ቢያዝ ፕሮግራሙ ለዘላለም ከመጠበቅ ይልቅ ይቀጥላል። ሪሌ ባለበት ደግሞ ከቪሲሲና ጂኤንዲው መሐል፣ ስክሪኗ አጠገብ፣ አንድ 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨምሩ።

ፒኖቹ ሳይበየዱ ተለይተው በላስቲክ የሚመጡ ሰሌዳዎች አሉ። ፒኑን በቀዳዳው አስገብቶ ሳይበይዱ መሞከር ጊዜ ማባከን ነው፤ አንዴ ይነካል፣ አንዴ ይለቃል። በ330 ዲግሪ አካባቢ በጋለ ካውያ፣ በእያንዳንዱ ፒን ላይ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል። ከፒኖቹ በተቃራኒ ጫፍ ወዳለው ቡናማ ሪባን ካውያ አታስጠጉ፤ ስክሪኑና ሰሌዳው የሚነጋገሩት በእሱ ብቻ ነው፣ ከተጎዳም አይጠገንም።

ባዶ ስክሪን

ሁሉም ተገናኝቶ ምንም ካልታየ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። በመጀመሪያ የአይቱሲ ስካነር የሚባለውን አጭር ፕሮግራም ጫኑ፤ አርዱዊኖ ውስጥ ከዋየር ላይብረሪ ምሳሌዎች ጋር ይገኛል። 0ኤክስ3ሲ ወይም 0ኤክስ3ዲ ካገኘ ሽቦውና ቺፑ ደህና ናቸው፣ ችግሩ ኮዱ ላይ ነው። ምንም ካላገኘ ኤስዲኤና ኤስሲኤሉን አቀያይሩ፣ ቀጥሎ ብየዳውን እዩ። ስካነሩ አግኝቷት ስክሪኗ ግን ጨለማ ከሆነች የቻርጅ ፓምፑን ነገር አስቡ፦ የአዳፍሩት ላይብረሪ ሲነሳ ስዊችካፕቪሲሲ የሚለው ምርጫ መሰጠት አለበት። ካልተሰጠ ቺፑ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ብርሃን የሚሠራበት ቮልት ግን የለውም። ራሳችሁ ኮድ የምትጽፉ ከሆነ ትእዛዙ 0ኤክስ8ዲ ሲሆን ተከታዩ 0ኤክስ14 ነው፤ ከዚያ በኋላ ስክሪኗን በ0ኤክስኤኤፍ አብሯት።

የአዳፍሩት ምልክት መጥቶ የራሳችሁ ጽሑፍ ካልመጣ የረሳችሁት ዲስፕሌይ የሚለውን ትእዛዝ ነው። ፕሪንት የሚጽፈው ሜሞሪ ላይ ነው፤ ወደ ስክሪኑ የሚልከው ዲስፕሌይ ነው። የጽሑፉን ቀለም ካልነገራችሁትም ምንም ላይታይ ይችላል።

አንዳንዷ ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ሆና በደንብ ትሠራና በአዳፕተር ስትነሳ ባዶ ትሆናለች፤ ሪሴት ሲጫኑ ትመጣለች። ኃይሉ ቀስ ብሎ ሲነሳ ማይክሮኮንትሮለሩ ይቀድማትና ገና ሳትነቃ ትእዛዙ ያልፋታል። ስክሪኗን ከሚያስነሳው ቢጊን ከሚለው ትእዛዝ በፊት የ250 ሚሊሰከንድ መዘግየት መጨመር ይበቃል።

የኡኖ ሜሞሪ

ይህን ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ብዙ ቀን የሚያስፈጅ፣ መልኩን የሚቀያይር ችግር ነው። 128 በ64 ፒክስል ማለት 8,192 ቢት፣ ማለትም 1,024 ባይት ነው። የተለመደው ኡኖ (አር3) ራም በጠቅላላ 2,048 ባይት ነው። የአዳፍሩት ላይብረሪ ግማሹን ለስክሪኑ ብቻ ይወስዳል፤ የሚወስደውም ፕሮግራሙ ከተነሳ በኋላ ስለሆነ ኮዱ ሲጫን የሚታየው "ይህን ያህል ራም ተጠቅመሃል" የሚለው ቁጥር ውስጥ አይገባም። 55 በመቶ ብሎ ያሳያችኋል፣ እውነቱ ግን ከሙሉው ያልፋል። ውጤቱም ወይ ስክሪኗ ጭራሽ አትነሳም፣ ወይ ኡኖው ያለምክንያት እየጠፋ ይነሳል፣ ወይ ከሴንሰሩ የማይመስል ቁጥር ይመጣል። የኤስዲ ካርድ ላይብረሪ ለራሱ 512 ባይት ስለሚፈልግ ሁለቱን ኡኖ ላይ ማገናኘት ለራስ ጣጣ መግዛት ነው።

ሦስት መውጫ አለ። ቋሚ ጽሑፎችን ኤፍ በሚለው ማክሮ ውስጥ ማድረግ፤ ያኔ ፍላሽ ሜሞሪ ላይ ይቀራሉ። ወይም ዩ8ጂ2ን በገጽ አሠራር መጠቀም፤ ስሙ ላይ "1" ያለበት 128 ባይት፣ "2" ያለበት 256 ባይት ብቻ ይወስዳል፤ በምትኩ ሥዕሉን በየገጹ ስለሚደግም ይዘገያል። ቁጥርና የላቲን ፊደል ብቻ ከሆነ የሚታየው ደግሞ ዩ8ኤክስ8 የሚባለው ክፍል ምንም ራም ለስክሪን ሳይዝ በቀጥታ ይጽፋል። ኢኤስፒ32 ላይ ስለዚህ ሁሉ መጨነቅ አያስፈልግም።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ 1,024 ባይት በአይቱሲ ሲላክ ለአንዱ ባይት ዘጠኝ ቢት ይቆጠራል። በ100 ኪሎኸርዝ 92 ሚሊሰከንድ፣ በ400 ኪሎኸርዝ 23 ሚሊሰከንድ ነው፣ ሌላውን ትርፍ ሳይጨምር። ለሙቀት መለኪያና ለሰዓት ከበቂ በላይ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያሳይ ባለ ሰባት ፒኑን የኤስፒአይ (ከአይቱሲ የፈጠነ የዳታ መስመር) ዓይነት ይግዛ፤ እሱ ያንኑ በአንድ ሁለት ሚሊሰከንድ ይጨርሳል።

ፊደላችን

ርካሹ ባለ ሁለት መስመር አረንጓዴ ኤልሲዲ፣ 1602 የሚባለው፣ የራሳችንን ፊደል ለመሥራት የሚሰጠን ስምንት ቦታ ብቻ ነው፣ እያንዳንዱም 5 በ8 ነጥብ። "እርጥበት" የሚለው ብቻ አምስቱን ይጨርሳል። ኦሌዷ ግን ነጥብ በነጥብ ስለምትሥል ገደብ የለባትም። ስለዚህ በአማርኛ የሚናገር ዕቃ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ትልቁ ምክንያት ይኼ ነው።

የአዳፍሩት ላይብረሪ መደበኛ ፎንት አማርኛ አያውቅም፤ "ሰላም" ብትሉት ዘጠኝ የማይገቡ ምልክቶች ይወጣሉ፣ ምክንያቱም ጽሑፍ በባይት በሚቀመጥበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ነው። መንገዱ ዩ8ጂ2 ነው። ኢትዮጵያዊው ፊደል በዩኒኮድ ከ4608 እስከ 4991 ባለው ውስጥ ነው፣ የግእዝ ቁጥሮቹን ከ፩ እስከ ፼ ጨምሮ። ጂኤንዩ ዩኒፎንት የሚባለውን ፎንት የቢዲኤፍ (ፊደሉ በነጥብ የተሣለበት) ፋይል ያዙና ከዩ8ጂ2 ጋር በሚመጣው ቢዲኤፍኮንቭ በሚባለው መሣሪያ ወደ ሲ ፋይል ቀይሩት፤ የሚፈለገውን ክልል "32-126,4608-4991" ብላችሁ ስጡት። የወጣውን ፋይል ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ጨምሩና ኢኔብልዩቲኤፍ8ፕሪንትን ካበራችሁ በኋላ በተራው ፕሪንት ጻፉ።

ክልሉ በሙሉ ሳይታመቅ 12 ኪሎባይት ገደማ ነው። ኢኤስፒ32 ላይ ምንም አይደለም፣ ኡኖ ላይ ግን ከባድ ነው። ያኔ የምትጠቀሙባቸውን ፊደላት ብቻ ቆጥራችሁ አውጡ። "ሙቀት"፣ "እርጥበት"ና "ሰዓት" ለሚል መለኪያ የሚያስፈልጉት ሙ፣ ቀ፣ ት፣ እ፣ ር፣ ጥ፣ በ፣ ሰ እና ዓ ናቸው፦ ዘጠኝ ፊደል፣ በ32 ባይት ሲባዛ 288 ባይት።

መጠኑ ላይ አትሰስቱ። ቢ እና ቤ ጎን ለጎን ሆነው ተመልከቷቸው፦ አንዷ ከቀኝ እግሯ ሥር ቀጥ ያለች ቅጥያ አላት፣ ሌላዋ ቀለበት። ቀለበት ለመሆን መሐሉ ባዶ መሆን አለበት፣ ለዚያ ቢያንስ ሦስት በሦስት ፒክስል ይጠይቃል። ባለ 8 ፒክስል ፊደል ላይ ያ ቦታ የለም፤ ቀለበቱ ይሞላና "ቤት" "ቢት" ሆኖ ይነበባል። ሶስቱን እግር የያዙት እነ ጨ ደግሞ ጥቁር ድፍን ይሆናሉ። በ16 ፒክስል ሁሉም ይለያል፣ ቋና ቷ ጭምር። በ16 ፒክስል አንድ መስመር ስምንት ፊደል፣ ስክሪኑ በሙሉ አራት መስመር ይይዛል። "እንኳን ደህና" ሰባት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው፣ 120 ፒክስል፤ ከ128ቱ ስምንት ብቻ ተርፎ ልክክ ይላል። "መጣችሁ" ወደ ሁለተኛው መስመር ይወርዳል። ቢጫና ሰማያዊው ስክሪን የሚያምረውም እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ መስመር በቢጫው 16 ረድፍ፣ ሦስቱ በሰማያዊው 48 ላይ በትክክል ያርፋሉ፣ ክፍተቱን የሚነካ ፊደል አይኖርም።

ሰዓት ለሚሠራ ደግሞ ዲኤስ3231 የሚባለው የሰዓት ሞጁል በእነዚያው ሁለት ሽቦዎች ላይ አብሮ ይቀመጣል፤ አድራሻው 0ኤክስ68 ስለሆነ ከስክሪኗ ጋር አይጋጭም። በእኛ አቆጣጠር ለማሳየት ከተነበበው ሰዓት ላይ ስድስት መቀነስ ነው፤ ውጤቱ ዜሮ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 12 ጨምሩ፣ ከ12 ከበለጠም 12 ቀንሱ። ሞጁሉን ራሱን ስድስት ሰዓት ወደኋላ መሙላት ግን አይመከርም፤ ቀኑ በተሳሳተ ሰዓት ይገለበጣል።

ዕድሜዋ

ትልቁ ድካሟ ይኼ ነው፣ ሻጭም አይነግራችሁም። የበራ ፒክስል ቀስ በቀስ ይደክማል፣ ሰማያዊው ደግሞ ከሌላው ፈጥኖ። ቀንና ሌሊት "ሙቀት" የሚል ቃል አንድ ቦታ ላይ ካበራችሁ በወራት ውስጥ ሌላ ጽሑፍ ሲመጣ እንኳ "ሙቀት" ደብዝዞ ከሥሩ ይነበባል። ይህ አይታጠብም፣ በሶፍትዌርም አይመለስም። ማዘግየት ግን ይቻላል። ኮንትራስቱን በ0ኤክስ81 ትእዛዝ አውርዱት፤ ከ255 ላይ ወደ 50 ብታወርዱት ቤት ውስጥ በደንብ ይነበባል። ጽሑፉን በየደቂቃው አንድ ፒክስል ወዲህና ወዲያ አንቀሳቅሱት። ሰው በሌለበት በ0ኤክስኤኢ አጥፏት፤ ጠፍታ ቺፑ ከ10 ማይክሮአምፔር በታች ነው የሚወስደው፣ ሜሞሪዋ ላይ ያለውም አይጠፋም። በር ላይ እንደሚቀመጡት ያለ የእንቅስቃሴ ሴንሰር ጨምሮ ሰው ሲቀርብ ብቻ እንድትበራ ማድረግ ከሁሉም የተሻለ ነው።

ለዓመታት ሳትጠፋ ለምትቆም የሱቅ ወይም የማሽን ማሳያ ይህችን ስክሪን አትግዙ። ፀሐይ በቀጥታ ለሚያርፍበት ቦታም አትሆንም፤ ጽሑፉ ከነጸብራቁ ይጠፋል። ለዚያ የኖኪያ 5110 የሚባለው 84 በ48 ኤልሲዲ ይሻላል፤ ፀሐይ በጠነከረበት ቁጥር ይበልጥ ይነበባል።

መስታወቷ ቀጭን ነው። ብሬድቦርድ ላይ ስትሰኩ ስክሪኑን በአውራ ጣት አትጫኑ፣ ሰሌዳውን በጠርዙ ያዙ። የብሎን ቀዳዳዎቹ ከመስታወቱ ጋር በጣም ስለሚቀራረቡ ሰፊ ራስ ያለው ብሎን ሲጠብቅ ጥጉን ይሰብረዋል፤ ባለ 2 ሚሊሜትር ብሎን ከላስቲክ ዋሸር ጋር አድርጉ፣ እንዳትንቀሳቀስ ያህል ብቻ አጥብቁ። ጥጉ የተሸረፈ ስክሪን ለጊዜው ቢሠራም እርጥበት ስለሚገባው ጥቁር ነጠብጣብ እያወጣ ይሄዳል።

ሱቅ ላይ ቆማችሁ የምትገዙ ከሆነ ሳትቸኩሉ ሙሉ ስክሪኑን ነጭ የሚያደርግ ፕሮግራም የተጫነበት ኢኤስፒ32ና ፓወር ባንክ ይዛችሁ ሂዱ። ሙሉ ነጭ ላይ የሞተ ፒክስል ወዲያው ይታያል። ቀጥሎ ግማሹን ብቻ የሚያበራ ገጽ አሳዩ፦ ብዙ ፒክስል የበራበት ረድፍ ጥቂት ከበራበት ትንሽ ደብዘዝ ቢል የዚህ ስክሪን ባሕርይ ነው፣ ለዚያ ብላችሁ አትመልሱት። ስልክ ካሜራ ላይ የሚታየው የሚንሸራተት ጥቁር ሰቅም እንዲሁ። የቀድሞ ጽሑፍ ጥላ ከታየ ግን ያገለገለች ናት፣ ሌላ ጠይቁ።